የጠፉት መስመሮች የማን ነበሩ?

ካለፈው ሴሚስተር ጀምሮ ቲኤ ሆኛለሁ፣ ማለት የተማሪ ረዳት አስተማሪ፣ ግን ኮድ ብቻ የሚያርመው አይነት ሳይሆን የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርሶች ውስጥ የማህበራዊ ሃላፊነቱን ክፍል የሚይዘው። "እሱ ደሞ ምንድነው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ቁጭ ብዬ ልፃፈው ብዬ ነው።

ለብቻው የሚሰጥ የስነምግባር ኮርስ አይደለም። ማሽን ለርኒንግ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዳታ ስትራክቸር የሚባሉት የተለመዱት ኮርሶች ውስጥ ገብተን አሳይመንቱን ከሌሎቹ ቲኤዎች ጋ እናዘጋጃለን፣ ውይይት እንመራለን፣ ኦፊስ አወር (ተማሪ ጥያቄ ይዞ የሚመጣበት ሰአት) እንቀመጣለን፣ የፅሁፍ መልስ እናርማለን። ተማሪው ይሄ ነገር ማንን ይጎዳል የሚለውን ከተመረቀ በኋላ ሳይሆን እዛው ኮዱን እየፃፈ እንዲያስበው ነው ሀሳቡ።

እኔን ወደዚ ያመጣኝ ሁለተኛ አመት እያለሁ ክላስ ላይ ያየሁት ጥናት ነው፣ ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ በ2018 ያወጡት። ከፊት ፎቶ ፆታ የሚለዩ ሶስት ገበያ ላይ ያሉ ሲስተሞችን ፈተኑ፣ ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነው፣ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ሲስተሞቹ እኮ በጥቅሉ ሲለኩ ጥሩ ነበር የሚመስሉት፣ ተመራማሪዎቹ ያደረጉት አንዱን ቁጥር በቡድን በቡድን ከፋፍሎ ማየት ነው። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ አክዩሬሲ (ከመቶ ስንቱን ልክ እንዳገኘ) የሚል አንድ ቁጥር አውጥቼ አሳይመንቴን አስገብቼ እሄድ ነበር፣ ከፋፍለሽ አይተሽዋል ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። በጣም ነው የከነከነኝ።

ለቲኤ ስራው ኢንተርቪው ላይ አንድ አሳይመንት ሰጡኝና (ተጠቃሚው መፃፍ ሲጀምር ቀሪውን የሚገምት የፍለጋ ሳጥን ነው) "እዚ ላይ የምትጨምሪውን አንድ ጥያቄ ፃፊ" አሉኝ። "ቴክኖሎጂ በህብረተሰቡ ላይ ያለው ተፅእኖ ምንድነው?" አይነት ነገር ፃፍኩ። ጠያቂዋ አንብባው "ይሄን ለመመለስ ኮዱን መክፈት ያስፈልጋል?" አለችኝ። አያስፈልግም! ሰረዝኩትና "ስለ አንድ ሰው የተወራ ውሸት ብዙ ሰው ቢፈልገው ኮድህ ምን ያወጣል? የትኛው መስመር ነው የወሰነው?" ብዬ ፃፍኩ። እስካሁን ጥያቄ ሳዘጋጅ መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው፣ ኮዱን ሳይከፍቱ የሚመለስ ከሆነ አይሆንም።

የመጀመሪያ ውይይቴ ስለ ቴራክ-25 ነበር፣ ሬስ ኮንዲሽን (ባንድ ጊዜ የሚሄዱ ስራዎች የትኛው እንደቀደመ ውጤቱን ሲያበላሸው) የሚማሩበት ሳምንት ላይ። የጨረር ህክምና ማሽን ነው፣ ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ስድስት ሰዎች ላይ ከመጠን በላይ ጨረር ለቋል፣ የሞቱም አሉ። ቀደም ያሉት ሞዴሎች ላይ አደጋ የሚከላከል ሃርድዌር ነበረ፣ እዚኛው ላይ ግን ያ ወጥቶ ጥበቃው ለሶፍትዌሩ ተተወ፣ ኦፕሬተሯ ያስገባችውን በፍጥነት ካስተካከለች ፕሮግራሙ ማስተካከያውን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። እኔም ይሄን ሁሉ አስር ደቂቃ ሙሉ ተናገርኩ፣ ሁሉም ዝም አሉ፣ አንዱ "ፕሮግራመሩ ነው ጥፋተኛው" አለ፣ በቃ አለቀ። በጣም ነው የከፋኝ፣ ምክንያቱም የሰው ህይወት ያለበትን ነገር እንደ ተረት አሳለፍኩት።

ለሁለተኛው ቡድን ታሪኩን ተውኩትና ስክሪኑ ላይ ይወጣ የነበረውን ፅሁፍ ብቻ ሰሌዳው ላይ ፃፍኩ፣ "ማልፈንክሽን 54" (ብልሽት 54 እንደማለት)፣ ከሱ ስር ደሞ ለመቀጠል "ፒ"ን ተጫን። "ኦፕሬተሯ እናንተ ብትሆኑ፣ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ እንዲ አይነት መልእክት ሲያወጣ ቢውል፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ትንሽ ቆይታ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ "እጫነዋለሁ" አለች። ከዛ በኋላ ማን ያስቆማቸው፣ አንዱ ላፕቶፑን ከፍቶ የራሱ ፕሮጀክት ላይ የፃፈውን "የሆነ ችግር ተፈጥሯል" የሚል መልእክት አሳየን፣ ምን ችግር እንደሆነ የትም አይልም።

ከሁሉም ግን ማልረሳው ኦፊስ አወር ላይ የሆነውን ነው። አንድ ተማሪ የመጣው ለሌላ ነገር ነበር፣ ሞዴሉ (ከዳታ ተምሮ የሚተነብየው ፕሮግራም) ኤረር እየሰጠው። አሳይመንቱ ማን ብድር ይመልሳል የሚለውን መተንበይ ነው፣ ዳታው ለክላስ ብለን ያዘጋጀነው ነው። ኤረሩን ስንፈልግ ከላይ አንድ መስመር ኮድ አየሁ፣ ባዶ ቦታ ያለበትን ሰው በሙሉ ከዳታው የሚያስወጣ፣ ሁላችንም ሳናስብ ምንፅፈው ማለት ነው። "ይሄ መስመር ስንት ሰው አጠፋ?" አልኩት። አያውቅም። ቆጠረው፣ ከገመተው በላይ ነው። "እነማን ናቸው?" ዝም ብሎ የወጡትን ሰዎች ለብቻ አወጣቸውና ማንበብ ጀመረ። አብዛኛዎቹ ላይ ባዶው ቦታ አንድ ነው፣ ቀጣሪ የሚለው። "እነዚህ እኮ ለራሳቸው የሚሰሩ ሰዎች ናቸው" አለኝ።

እኔ ምንም አልጨመርኩም። ከዛ "ታድያ ምን ላድርግ?" አለ፣ እዚ ጋ ነው ስራው የሚከብደው፣ ምክንያቱም ንፁህ መልስ የለም። ባዶውን በሌላ ነገር ብትሞላው ስለ ሰውየው ገምተህ ነው፣ "ቀጣሪ የለውም" የሚል ምልክት ብትጨምር ሞዴሉ እሱን ይዞ ሊቀጣው ይችላል፣ ብታስወጣቸው ደሞ ሞዴሉ ስለነሱ ሳይማር ነው ስለነሱ የሚፈርደው። አንድ ሰአት ያህል ሶስቱንም ሞከርን፣ የመጣበትን ኤረር መጨረሻ ላይ ነው ያስታወስነው።

ስለ እርማት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ "የሰውን አስተያየት እንዴት ከአስር ታርሚያለሽ?" እያለ። አስተያየቱን አላርምም። የሚጎዳውን ሰው ለይቶ ጠርቷል ወይስ "ህብረተሰቡ" ብሎ አልፏል፣ ከራሱ ኮድ ማስረጃ አምጥቷል ወይ፣ ምርጫው ምን እንደሚያስከፍል አይቷል ወይ፣ እነዚህን ነው ማየው። ከኔ ጋ ጭራሽ የማይስማማ ልጅ ሙሉ ነጥብ ወስዷል፣ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት።

አሁን ያንን የብድር አሳይመንት ለሚቀጥለው ሴሚስተር እያስተካከልነው ነው። ከኔ ጋ የምትሰራው ቲኤ መመሪያው ላይ "ስታፀዱ ማን እንደሚወጣ እዩ" ብለን እንፃፍ ትላለች፣ ሳይነገረው ነጥብ የሚቀነስበት ተማሪ ይበደላል ነው የምትለው፣ ልክ ናት። እኔ ደሞ ከነገርናቸው ያ ልጅ ያገኘውን ነገር አያገኙትም ባይ ነኝ፣ ስለዚ ዝም እንበልና አስገብተው ሲጨርሱ የወጡትን ሰዎች ዝርዝር ፕሪንት አድርገው ይዘው ይምጡ፣ ነጥብም አይያዝበት። ሀሙስ እንደገና እንነጋገርበታለን።