ሬዚደንቶች ጎበዝ አስተማሪ እንዲሆኑ ምን አደረግኩ?

ሐረር ውስጥ ባለ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ተማሪዎችንና ኢንተርኖችን (በመጨረሻ ዓመት የሆስፒታል ልምምድ ላይ ያሉትን) አብዛኛውን የሚያስተምሯቸው ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች ናቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ዲዩቲ ላይ ከኢንተርኗ ጋር ያለው ሬዚደንቱ እንጂ እኔ አይደለሁም። እንዴት እንደሚያስተምር ግን ማንም አላሳየውም፤ በቁጣ ተምሮ ከሆነ በቁጣ ያስተምራል።

አዳራሽ ሰብስቤ ገለጻ አላደረግኩም። በሽተኞችን እየዞርን በምናይበት ራውንድ ላይ ጀመርኩ። የተጠቀምኩት እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ የታተመውን ባለ አምስት እርምጃ ዘዴ ነው፦ ተማሪው መጀመሪያ የራሱን ግምት ይናገር፣ ለምን እንዳለ ጠይቀው፣ አንድ ቁም ነገር አስተምረው፣ ደህና የሠራውን ለይተህ ንገረው፣ የሳተውን አርመው። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ለምሳሌ ትኩሳት ይዞት ከድሬ የመጣ ወጣት ነበር። ድሬዳዋ ወባም፣ እንደ ወባ በትንኝ የሚተላለፉት ደንጊና ቺኩንጉኒያም የታዩባት ከተማ ናት። ኢንተርኗ «ወባ ይመስለኛል» አለች። ሬዚደንቱ «ለምን?» ብሎ ዝም አለ። ይሄ ዝምታ ነው ከሁሉም የሚከብደው፤ የሚያውቅ ሰው አፉ ይበላዋል። እሷም አሰብ አድርጋ የወባ ምርመራው ነጻ እንደሆነ፣ ከዓይኑ ጀርባ እንደሚያመው ጨመረች፣ ከዚያ ራሷ «ደንጊስ?» አለች። ያኔ አንድ ነገር ብቻ አስተማራት፦ ደንጊ ላይ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው ይበልጥ የምንጠነቀቀው፣ ከደም ሥር ፈሳሽ የሚወጣው በዚያን ጊዜ ስለሆነ፤ ሆዱን አጥብቆ ካመመው ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ወደ ቤት አይሄድም።

ከራውንድ በኋላ ሬዚደንቱን ኮሪደር ላይ ለብቻው አናግረዋለሁ። «ዶክተር፣ መጠበቅህ በጣም ጥሩ ነው። በሽተኛው ፊት ግን ‹ይሄንንም አታውቂም?› አትበላት።» ከዚህ አላበዛም።

እኛ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚፈልግ ነገር ደግሞ አለ። አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ የሚችለው ተማሪ ለሁሉም ሲያስተረጉም ይውልና የራሱን ኬዝ ሳያቀርብ ይሄዳል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። አሁን ሬዚደንቶቹ ካስተረጎመ በኋላ «አንተስ ምን ታስባለህ?» ብለው የመጀመሪያውን ጥያቄ ለእሱ ይሰጡታል።

ሬዚደንቶቹ ማስተማር የሚለማመዱት የሚቀጥለው ነገር የጀርባ ፈሳሽ አወሳሰድ ነው፤ ለምርመራ ከጀርባ አጥንት መሃል በመርፌ የሚቀዳው ማለት ነው። ሬዚደንቱ የመለማመጃ አሻንጉሊቱ ላይ መጀመሪያ ሳይናገር ይሠራል፣ ቀጥሎ እያብራራ፣ ከዚያ ተማሪው እየነገረው፤ መርፌውን ተማሪው የሚይዘው በአራተኛው ነው።