ብሩክላንድስ፦ 27 ሜትሯ ያሞኘችኝ

የተዘጋ የመኪና መወዳደሪያ ታሪክ ልትጽፉ ከተነሳችሁ፣ ዓመተ ምህረት ከመልቀማችሁ በፊት ርዝመቱን አጣሩ። እኔ ገልብጬ ነው የጀመርኩት።

ዓመቶቹ አያስቸግሩም። ብሩክላንድስ የተባለው መወዳደሪያ እንግሊዝ አገር ዌይብሪጅ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1907 ተከፈተ፤ የመጨረሻው ውድድር ኦገስት 7 ቀን 1939 ተደረገ፤ በ1946 አውሮፕላን ሠሪው ቪከርስ ገዛው።

ጉዱ ያለው ዙሩ ላይ ነው። ብዙ ቦታ 2.75 ማይል ይላል፤ አምኜ ያዝኩት። ተወዳዳሪው ጆን ኮብ በ1935 ኔፒየር ሬይልተን በተባለች መኪናው የያዘውና መሙ እስኪዘጋ ያልተሰበረው የአንድ ዙር ክብረ ወሰን በሰዓት 143.44 ማይል ነው። 2.75ን ዙሩ ለፈጀበት 69.44 ሰከንድ ባካፍለው በሰዓት 142.57 ማይል ወጣ። መዝጋቢዎቹ ቁጥር አሳብጠዋል ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም። እስካሁን ያናድደኛል።

መሙ 30 ሜትር ይሰፋል። ወደ ውጭ ከፍ እያለ በተሠራው ኩርባ ላይ በውስጥ ጠርዝ የዞረና ከላይ የዞረ እኩል ርቀት አይነዱም፤ አንድ መስመር መመረጥ ነበረበት። የተመረጠው ከውስጥ ጠርዝ 50 ጫማ ገባ ብሎ የተቀባው ጥቁር ቁርጥራጭ መስመር ነው። በእሱ ሲለካ 2 ማይል ከ1350 ያርድ፣ ማለትም 2.767 ማይል ይመጣል። ልዩነቷ 30 ያርድ፣ 27 ሜትር ብቻ። ለአንድ ዙር ምንም አትመስልም፤ 500 ማይል ውድድር ላይ ግን በ181 ዙር ስትባዛ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ትደርሳለች፤ ከአንድ ሙሉ ዙር ትበልጣለች! ደግሞ ፈጣኖቹ መኪኖች ኩርባው ላይ ከመስመሩ በላይ ወጥተው ነበር የሚነዱት። ስለዚህ የነዱት ርቀት ከተቆጠረላቸው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ቦታው ላይ ያለውን ሙዚየም አስቀድማችሁ ጎብኙ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እኔ አልስማማም፤ ቆሞ የቀረው ኮንክሪት ዓይን ይስባል፣ የጎደለውን ያስረሳል። ከ1939 በፊት የተሠራ ካርታ ይቅደም። በ1951 ለአዲሱ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ሲባል ሜምበርስ ከተባለው ኩርባ ቁራጭ ተነስቷል፤ ክፍተቱን ከሳተላይት ምስል ላይ በግምት አትሙሉት።

ሰንጠረዥ ስትገለብጡ ደግሞ የትኛው መም እንደሆነ እዩ። ማውንቴን እና በ1937 የተከፈተው ካምቤል እዚያው ግቢ ውስጥ ቢሆኑም ዙራቸው አጭር ነው፤ ሰከንዳቸውን ከኮብ ጎን አታስቀምጡ።