አሥራ አንድ ቀን ጥሬ፦ መጽዳት የነበረበት ሰላጣው ነው

ፍልሰታን እሳት ባልነካው ምግብ ብቻ ልጹም ብዬ ነሐሴ 1 ጀመርኩ፣ ነሐሴ 11 አቆምኩ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በፍልሰታ ሱባኤ የሚገቡ ሰዎች ጥሬና ውሃ ይዘው ነው የሚሰነብቱት። አዲሱ «ዲቶክስ» የሚለው ስምና ከስሙ ጋር የመጣው ወሬ ነው፦ ጉበት ይታጠባል፣ ደም ይጣራል፣ የተጠራቀመ መርዝ ይወጣል። ጉበትና ኩላሊት ይህን ሥራ ከተወለድን ጀምሮ ሌት ተቀን ሲሠሩት ኖረዋል፣ የካሮት ጭማቂ እስኪመጣ አልጠበቁም። በእኛ አገር ሆድ ማጽዳት ማለት ኮሶ ነበር። ኮሶ ቢያንስ ምን ለማስወጣት እንደሚጠጣ ይታወቃል፤ ከጥሬ ሥጋ የመጣውን ትል። ጥሬ ቅጠል ግን ከሆድ የሚያስወጣው ነገር የለም፣ የሚያስገባው ሊኖር ይችላል። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እኔ ልጻፈው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። መጀመሪያ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ልተው ካለ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምረዋል፣ በሁለተኛው ቀን ይብስበታል፣ ሳምንት ያህል ሊቆይበትም ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «መርዙ እየወጣ ነው» የሚባለው ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የቡና ሱስ ነው። ከሳምንት በፊት ጀምሮ በየሁለት ቀኑ አንድ ሲኒ መቀነስ ይበቃል። እንደዚያ ስላደረግኩ ራሴን አላመመኝም። በትክክል ያደረግኩት ዝግጅት ይህ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ምግቡ። ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ያለው ሁለት ገበታ ነው። በዘጠኝ ሰዓት የመካከለኛ ፓፓያ ሩብ፣ ሁለት ሙዝ፣ አንድ አቮካዶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በውሃ ተበጥብጦ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ካሮትና ቃሪያ በሎሚ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የጥቅል ጎመን ሩብ በቀጭኑ ተከትፎ፣ አንድ ኩባያ የምስር በቆልት፣ ግማሽ ቀይ ሥር ተፈቅፍቆ፣ አንድ እፍኝ ያልተቆላ ኦቾሎኒ። (የተጨማደደና የሻገተ የኦቾሎኒ ፍሬ አንድ በአንድ ይለቀም፤ ሻጋታው የሚተወው መርዝ ታጥቦ አይወጣም።) ይህ ሁሉ ሲመዘን ከኪሎ ተኩል አያንስም፣ ጉልበቱ ግን ከ1,200 ካሎሪ ብዙም አያልፍም። ኪሎ ተኩል ጥሬ ነገር በሁለት ገበታ ሲገባ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል። ከጥቅል ጎመኑ ግማሹን ለመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ብትተዉት ይሻላል፤ አንጀት የአትክልት ቃጫ የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው።

ሚዛን ላይ ወጥታችሁ አትደሰቱ። እንጀራና ዳቦ ሲቀር በጉበትና በጡንቻ የተቀመጠው ስኳር ይቀንሳል፣ እያንዳንዱ ግራምም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሚወርደው ኪሎ አብዛኛው ይህ ውሃ ነው፤ እንጀራው ሲመለስ አብሮ ይመለሳል።

«ጨውም መርዝ ነው» የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። ላብና ሽንት ጨው ያወጣሉ፣ ፍራፍሬና ቅጠል ደግሞ የሚተካ ጨው የላቸውም፤ ጨው ከቀረ ከወንበር ስትነሱ ዓይናችሁ ጭልም ሊል ይችላል። አዮዲን ያለው ጨው ይሁን፤ ጥሬ ጥቅል ጎመን ሲበዛ የእንቅርት ዕጢ አዮዲን እንዳያገኝ ያደርጋል። ቆስጣን በጥሬው ጨምቆ መጠጣት ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም። ኦክሳሌት የሚባለው ነገር የበዛበት ቅጠል ነው፣ የኩላሊት ጠጠር ለሚያሰጋው ሰው ጠላት ነው። እናቶቻችን ቀቅለው ውሃውን የሚደፉት ያለ ነገር አይደለም፤ ከኦክሳሌቱ ብዙው ከውሃው ጋር ይሄዳል። ቀይ ሥርም የዚያው ዘመድ ነው፣ ግማሽ ያልኩት ለዚህ ነው። ሽንትና ሰገራን እንደሚያቀላም ቀድማችሁ እወቁ፣ ሌሊት ላይ እንዳትደነግጡ።

በቆልት። ምስሩ ድፍን ይሁን፣ ክክ አይበቅልም። ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ አፉ በስስ ጨርቅ በታሰረ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት፣ ጠዋትና ማታ እያጠባችሁ አጥሉት፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ጭራ ያወጣል። ሽምብራም እንዲሁ ነው። ቦሎቄ ግን በጥሬው አይሞከርም፤ ጥቂት ፍሬ እንኳ ክፉኛ ያስመልሳል፣ የሚበላው ቢያንስ አሥር ደቂቃ በደንብ ከተፍለቀለቀ በኋላ ነው። ጓያን ማንሳት አያስፈልግም ነበር፤ እግር እንደሚያሽመደምድ የማያውቅ አገሬ የለም። ግን «ማንኛውም ጥራጥሬ ሲበቅል መርዙን ይተዋል» የሚል ምክር ሲሰጥ በጆሮዬ ስለሰማሁ ላንሳው። አይተውም።

በቆልት የሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ለአንጀት ተስቦና ለተቅማጥ ጀርሞችም የተመቸ ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ ከ50 በላይ ሰው የገደለው ወረርሽኝ የመጣው ከአብሽ በቆልት ነበር። እኔ የበቀለውን ምስር ከመብላቴ በፊት ፈልቶ በወረደ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ነክሬ አወጣዋለሁ። ታዲያ ይህ ጥሬ አይደለም ካላችሁኝ፣ ይሁን፣ አይደለም።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት ነገር ልምጣ፤ እጥበቱ።

ያደረግኩት ይህን ነበር፦ የሰላጣውን ራስ ግንዱን ብቻ ቆርጬ ሳፋ ውስጥ ከተትኩት፣ ውሃ ሞላሁ፣ ግማሽ ስኒ አቼቶና አንድ ማንኪያ ጨው ጨመርኩ፣ አምስት ደቂቃ አቆየሁት፣ ለቅልቄ አራግፌ ከተፍኩ። ሁሉም እንደዚህ ያደርጋል። ስህተቱን ልቁጠርላችሁ። ቅጠሉ ሳይለያይ ሳፋ ውስጥ ሲገባ የውጪው ቅጠል ጭቃ ወደ ውስጠኛው ይገባል፤ ዋናው ቆሻሻ ያለው የቅጠሉ አንጓ ሥር፣ ነጩ ቦታ ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ ጣት ካልገባ ውሃ አይገባም። አቼቶ ከባክቴሪያው የተወሰነውን ቢቀንስ እንጂ ጃርዲያና አሜባ የሚባሉት የአንጀት ተውሳኮች የሚጠቀለሉበትን ጠንካራ ሽፋን፣ የወስፋትንም እንቁላል አይነካም። ሰላጣው ከሳፋው ሲወጣ መጨረሻ የታጠበው ከሮቶ በመጣ ውሃ ነው። እዚህ ላይ እስካሁን ያናድደኛል፦ የምጠጣውን ውሃ አፍልቼ እያቀዘቀዝኩ፣ በጥሬው የምበላውን ቅጠል ግን ሳልከፍተው ዓመት ባለፈው ሮቶ ውሃ አለቀልቅ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ወሩ። ነሐሴ ነው። ጎርፉ ከየሽንት ቤቱና ከየቦዩ የጠረገውን ይዞ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙም ማሳ ላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ቅጠላ ቅጠል ለዓመታት ሲመረት የኖረው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ነው፤ መካኒሳ፣ ጎፋ፣ ፒኮክ አካባቢ ያደገ ሰው ያውቀዋል። የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ የሚገባበት ውሃ ነው። ጀርሙን እንኳ አጥባችሁ ብትቀንሱት፣ በሥሩ የወጣውን እርሳስና ካድሚየም የሚያስለቅቅ አቼቶ የለም። ጉልት ላይ «ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «የዝዋይ ነው» ነው። ዝዋይ ይህን ሁሉ ሰላጣ ካበቀለች ሐይቁ የት ቀረ?

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ምክር «አትክልትን በንጹህ ውሃ በደንብ አጥበው ይመገቡ» ይላል። «በደንብ» ስንት ደቂቃ ነው? «ንጹህ ውሃ» የትኛው ነው? ይህን ምክር ያወጡ ሰዎች ቤታቸው ውሃ በፈረቃ አይመጣም መሰል።

አሁን የማጥበው እንዲህ ነው። የውጪ ሦስት ቅጠሎች ይጣላሉ። የቀረው ቅጠል በቅጠል ይለያያል፣ እያንዳንዱ በሁለቱም ገጽ በሚፈስ ውሃ ሥር አንጓው በአውራ ጣት ይታሻል። ቧንቧው ከሌለ አንድ ሰው በጆግ ያንቆርቁር፤ ዋናው ነገር የታጠበበት ውሃ ተመልሶ አይንካው። ሽፋን የለበሰውን ጃርዲያ በዋናነት የሚያስወግደው ይህ እሽት ነው፣ ቀጥሎ በሚመጣው መድኃኒት አትተማመኑ። ከዚያ በ5 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ 5 በመቶ የሚል ተራ በረኪና፤ ሽታ ወይም ሳሙና የገባበት አይሁን። ቅጠሉ ተዘፍቆ 15 ደቂቃ ይቆይ። ቅድሚያ ጭቃው ካልወጣ በረኪናው ጭቃው ላይ ያልቃል፣ ቅደም ተከተሉ የማይገለበጠው ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይለቅለቅና በንጹህ ፎጣ ይድረቅ። ይህም ሆኖ በረኪና የሚጨርሰው ባክቴሪያውን ነው፤ ሽፋን ያላቸውን ተውሳኮች በዚህ መጠን ሁሉንም ይገድላል ብሎ መተማመን አይቻልም። አቮካዶና ፓፓያም ከመቆረጣቸው በፊት ይታጠቡ፤ ልጣጩ ላይ ያለውን ቢላዋው ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል።

በስምንተኛው ቀን የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ግሳት ጀመረኝ። ከዚያ ሆድ መንፋት፣ ቅባት የመሰለ፣ የሚንሳፈፍ፣ ሽታው የማይቻል ተቅማጥ። ደም የለውም፣ ትኩሳትም የለም። ይህ ቁልጭ ያለ የጃርዲያ መልክ ነው፤ ተውሳኩ ከገባ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚነሳው። እኔ ግን «መርዙ እየወጣ ነው» የሚለውን ስላመንኩ ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። በዚህ ራሴን ይቅር አላልኩትም። ጭራሽ ብዙ እንዲወጣ ብዬ ጭማቂውን ጨመርኩ።

የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ወሰደ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ «ታይፎይድ አለ፣ ታይፈስም ጅምር አለ» የሚል ወረቀት ሰጠ። ሙቀቴ 36.8 ነበር። ሰገራ ይታይልኝ ስል «ደሙ ነግሮናል» ተባልኩ። ደሙ የተናገረው ነገር የለም። ዊዳል የሚባለው ምርመራ የሚያየው ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው፤ ከዓመታት በፊት የነበረ ሕመም ወይም ክትባት እንኳ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ታይፎይድ በትክክል የሚታወቀው ደም ካልቸር ሲደረግ፣ ማለትም ጀርሙ ራሱ ከደሙ በቅሎ ሲታይ ነው። የሰባት ቀን ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘልኝ። ሲፕሮ ለጃርዲያ አይሠራም፤ አንጀቴ ውስጥ የቀሩትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ግን ጠራርጎ አወጣቸው። እውነተኛው «ዲቶክስ» እሱ ነበር።

ሌላ ላብራቶሪ ስሄድ የመጀመሪያው ሰገራ «ምንም አልታየም» ተባለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ጃርዲያ በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም፤ ሦስት ናሙና በተለያዩ ቀናት መስጠት ያስፈልጋል፣ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው በአጉሊ መነጽር ይታይ፣ ከቤት በጠርሙስ ይዞ ታክሲ ላይ መንከራተት ዋጋ የለውም። በሦስተኛው ናሙና ተገኘ። ሐኪሙ ያዘዘው ቲኒዳዞል 2 ግራም ነበር፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አራት ፍሬ በአንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋር። ከዚያ ሦስት ቀን ጠላም ሆነ ቢራ አይቀመስም። ለነፍሰ ጡር ይህ መድኃኒት ዝም ብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ አይደለም።

ተውሳኩ ከሞተ በኋላም ትንሹ አንጀት ወዲያው አይድንም፤ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ነገር ለሳምንታት ሊጎድል ይችላል። ከፍቺው በኋላ የጠጣሁት ወተት መልሶ ሆዴን ሲያጮኸው በሽታው ያገረሸ መስሎኝ ሁለተኛ መድኃኒት ልገዛ ነበር። ወተቱን ሦስት ሳምንት መተው በቂ ነበር።

ኩላሊቱን የታመመ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡር ይህን ነገር ያለ ሐኪም አይጀምሩት፤ ለኩላሊት በሽተኛ ሙዝና አቮካዶ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ብቻውን አደጋ ነው። ከወራት በላይ በአትክልት ብቻ ልኑር የሚል ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ን በእንክብል ይውሰድ፤ ከአትክልት አይገኝም።

አሁንም ረቡዕና ዓርብ ማታ ጥሬ እበላለሁ፦ ካሮት ተልጦ፣ የጥቅል ጎመን ልብ፣ ምስር በቆልት በፈላ ውሃ ተነክሮ፣ ሎሚና ጨው። የሰላጣ ቅጠል ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ቤቴ አይገባም፣ ሻጯ የፈለገችውን ያህል «የዝዋይ ነው» ብትል።