ልጓም የምትሸሸዋ ባዝራ

በዚህ ዓመት የምገራት ዳማ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ገና አራት ዓመቷ ነው። ከአዊ ስትመጣ ኮርቻ ለምዳ፣ እርካብ ሲረገጥ ጸጥ ብላ የምትቆም ነበረች፤ ዛቧ፣ ማለትም ከልጓሙ እስከ ጋላቢው እጅ የሚዘረጋው ጠፍር፣ ትንሽ ሲወጠር ግን አንገቷን ቆልምማ አገጯን ደረቷ ላይ ትለጥፋለች። ያዩዋት ወዳጆቼ «እንዴት ያለች የተገራች ናት!» እያሉ አደነቋት። እኔ ግን አዘንኩላት፤ አንገቷን ያጠፈችው ልጓሙን ተቀብላ ሳይሆን ሸሽታው ነበርና። ዛቡ እጄ ላይ ምንም ክብደት አልነበረውም፤ ልጓሙን የተቀበለ ፈረስ ግን ዛቡን በስሱ ወጥሮ ይይዛል።

አዊ ፈረስ የሚከበርበት አገር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዘለቀው፣ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረው በዓል ለዚህ ምስክር ነው፤ የዚያን አገር ጋላቢ ልንቅ አልነሣም። ነገር ግን ታችኛውን መንጋጋ በቀለበት የሚከብበው የቆየው ልጓም በአንድ እጅ ለሚጋለብበት፣ ፈረሱ በቅጽበት ቆሞ መዞር ላለበት ለጉግስ የሚስማማ ብርቱ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለው ልጓም በለጋ ፈረስ አፍ ውስጥ ገብቶ አንዴ በኃይል ከተሳበ፣ ፈረሱ የሰው እጅ ሕመም መሆኑን ይማራል፤ ያን ትምህርት ማስረሳት ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ስለዚህ ሥራዬን የጀመርኩት ከአፏ ነው። ፈረስ ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ እስከ አምስት ዓመት ድረስ የወተት ጥርሱን ይለውጣል፤ ብዙ ሰው እልኸኝነት የሚለው ነገር የድድ ሕመም ሆኖ ይገኛል። የእንስሳት ሐኪም ሲያያት አንድ የወተት ጥርስ በአዲሱ ጥርስ ላይ እንደ ክዳን ተንጠልጥሎ ተገኘ። እርሱ ተነቅሎ ድዷ እስኪያገግም ድረስ ልጓም የሚባል አላስነካኋትም፤ ከዚያም መሐሉ የሚተጣጠፍ፣ ወፈር ያለና ለስላሳ ልጓም አደረግሁላት።

ዋናው ድካም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፈረስ በእርምጃ ሲሄድ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚያወዛውዝ፣ የጋላቢው ክንድ ከትከሻው ጀምሮ ካልተከተለው ልጓሙ በየእርምጃው ድዱን ይመታዋል። በሶምሶማ ግን ራሱ ብዙም አይወዛወዝም፤ ለለጋ ፈረስ ጸጥ ያለ እጅ ማስለመድ የሚቀለው በዚህ አካሄድ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከ20 ደቂቃ ሳላስበልጥ፣ በሰፊ ክብ ሶምሶማ አስኬዳት ጀመር። አገጯን ወደ ደረቷ ስትሰበስብ ዛቡን አልስብም፤ እጄን ፈጽሞ ወርውሬም አልተዋትም፤ ክንዴን ጥቂት ወደፊት ሰጥቼ በእግሬ «ቼ» እላታለሁ። እጅ ብቻውን የሚሠራው ነገር የለም፤ ፈረስ ወደ ልጓሙ የሚመጣው የኋላ እግሩ ሲገፋው ነው። ይህን ለሚጠይቁኝ ወጣቶች ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ግን መልሰው ስለ እጅ ይጠይቁኛል።

በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማለዳ፣ ሳሩ ገና ጤዛ ሳለ፣ ጀርባዋ ከኮርቻው ሥር ከፍ ሲል ተሰማኝ። አንገቷ ቀስ ብሎ ወደፊትና ወደ ታች ተዘረጋ፤ ላልቶ የነበረው ዛብ በራሱ ተወጠረና የትንሽ ልጅ እጅ ያህል ክብደት መዳፌ ውስጥ ገባ። ልጓሙን ስታላምጥ ድምፁ ይሰማኛል፤ በከንፈሯ ጥግ ነጭ አረፋ ወጣ፤ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ላሉ። እጄን እንዳላንቀሳቅስ ትንፋሼን ይዤ ሁለት ዙር አስኬድኋት፤ ከዚያ በቃት ብዬ ወረድኩና ልጓሙን እዚያው ሜዳው ላይ ፈታሁላት።

አሁን በሶምሶማ ዛቡን ይዛ ትሄዳለች። ከሶምሶማ በሚፈጥነው ሩጫ፣ በደንገላሳ ግን፣ በግራ በኩል ስትዞር አሁንም ትሸሻለች፤ እስከ ክረምቱ ድረስ በዚያ በኩል ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ እያሸጋገርኩ አሠራታለሁ እንጂ ደንገላሳ አልጠይቃትም።