የጃፓንን የጦርነት ኅትመቶች ለማጥናት የተከተልሁት መንገድ

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1894 እና በ1895 ከቻይና ጋር ስትዋጋ የቶኪዮ አሳታሚዎች ያወጧቸውን የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች ሳጠና፣ ከሥዕሉ በፊት ህዳጉን ማንበብን ደንብ አደረግሁ። በዚያ የአሳታሚው ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም ኅትመቱ የወጣበት ቀን በሜይጂ ዘመን፣ ማለትም በወቅቱ ንጉሠ ነገሥት ዘመነ መንግሥት፣ አቆጣጠር ሰፍረዋል፤ በዓመቱ ላይ 1867 ሲደመር የአውሮፓውያኑ ዓመት ስለሚገኝ፣ ሜይጂ 27 ማለት 1894 ነው። ይህን ቀን ከውጊያው ቀን ጋር ማስተያየቴ ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ። ኮሪያ ውስጥ የፒዮንግያንግ ውጊያ የተካሄደው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1894 ሲሆን፣ ውጊያውን የሚያሳዩ ሥዕሎች በዚያው ወር ታትመዋል። ሠዓሊው ነድፎ፣ ቀራጩ ለየቀለሙ የቼሪ ሳንቃ ፈልፍሎ፣ አታሚው ወረቀቱን በየሳንቃው ላይ እያሸ ቀለም እስኪያስይዝ ድረስ ያለውን ሥራ ላሰበ ሰው፣ ሠዓሊው ጦር ሜዳ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ እንዳልነበረው ግልጽ ነው። እንደ ኩቦታ ቤይሴን ለጋዜጣ ሊዘግቡ ኮሪያ የዘመቱ ሠዓሊዎች ቢኖሩም፣ አብዛኞቹ የሠሩት ከዜና ተነሥተው ነው። ስለዚህ ሥዕሎቹን የያዝኋቸው ቶኪዮ ላይ ምን ይሸጥ እንደነበር እንደሚያስረዱ ሰነዶች እንጂ እንደ ዐይን ምስክር አይደለም።

ቀጥሎ የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየምን የመሰሉ ተቋማት በድረ ገጽ ያቀረቧቸውን ምስሎች አጉልቼ፣ ጎን ለጎን ተገጥመው አንድ ሥዕል የሚሆኑትን ሦስት ወረቀቶች አንድ በአንድ መረመርሁ። በእኔ ግምት ከሠዓሊዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ኮባያሺ ኪዮቺካ ነው። በሌሊት ትዕይንቶቹ ጨለማው ቀስ በቀስ የሚሳሳው አታሚው ሳንቃው ላይ ያለውን ቀለም በእጁ እየጠረገ ስለሚያሳሳው ነው፤ ከአንድ ሳንቃ የወጡ ሁለት ቅጂዎች የሚለያዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጦርነቱ የደረሰበት የሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ የማንቹሪያ፣ በረዶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ቀለም ያልነካው ባዶ ወረቀት ነው።

ይህ ጥበብ ግን ሥዕሉ የሚሰብከውን እንዳያስረሳኝ በማስታወሻዬ ሁለቱን ለያይቼ ጻፍሁ። ጃፓናውያኑ ጥቁር የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ተሰልፈውና ቀጥ ብለው ይታያሉ፤ ቻይናውያኑ ግን ደማቅ ቀለም ለብሰው እርስ በርሳቸው ሲደራረቡና ሲሸሹ ተሥለዋል፤ ይህም ከሥዕል ወደ ሥዕል ይደጋገማል።

እ.ኤ.አ. በ1904 ከሩሲያ ጋር ወደተደረገው ጦርነት ስሻገር አካሄዴን ለወጥሁ። ፎቶግራፍና ፖስት ካርድ ገበያውን ስለተሻሙት፣ ኅትመቶቹን ከእነርሱ ጋር እያነጻጸርሁ ማየት ግድ ሆነብኝ።