«ፈቃድ» የምትለዋን ቃል ባልጻፍኳት ኖሮ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ድምፅ ልሰጥ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ቆምኩ። ሰልፉ አላልቅ ብሎ ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የተራዘመበት ቀን ነው። ተራዬ ደርሶ ስገባ ሁለት ወረቀት ተሰጠኝ፤ አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት። ከዕጩዎቹ አብዛኞቹን አላውቃቸውም። እውነቱን ልናገር? አንዱን የመረጥኩት ምልክቱ ደስ ስላለኝ ነው። ምን ምልክት እንደሆነ ግን አልናገርም።

የማንም ፓርቲ አባል ሆኜ አላውቅም፤ የመሆን ሐሳብም የለኝም። የምኖረው ከአያት አልፎ፣ ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። እንደኔ ያሉ ሰዎች በየደረጃው ሞልተዋል፤ ታክሲ ስንጠብቅ እናማርራለን፣ ከዚያ ወደየቤታችን። አባላት ስብሰባ አላቸው። እኛ ያለን ማማረር ብቻ ነው። እስቲ እኛም ተሰብስበን ዕጩዎቹን የምንጠይቀውን እንምከር አልኩ።

ማስጀመሩ ቀላል ነበር። ከፎቃችን ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ከእሳቸውና ከታች ሱቅ ካለው ልጅ ጋር ቡና ላይ ተነጋገርን። ደብተር ገዛን። በሦስት ሳምንት 64 ሰው ስሙን አስመዘገበ።

ስም ማውጣቱ ግን ፈተና ነበር። «ገለልተኛ» ስንል ሰው በግሌ ልወዳደር የተነሳሁ መሰለው። የግል ዕጩ ሌላ ነገር ነው። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ፕሬዚዳንት ከነበሩ በኋላ በ1997ቱ ምርጫ በግላቸው ተወዳድረው ፓርላማ ገብተዋል። በ2013ም አራት የግል ዕጩዎች አሸንፈዋል። እኔ መራጭ ነኝ፣ በቃ። ደግሞ የሰብሳቢና የቡድን ነገር ሲነሳ አንድ ጎረቤቴ የኢሕአዴግ ዘመኑን አደረጃጀት አስታውሶ «አንድ ለአምስት ተመልሶ መጣ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ግን ፍርሃት ነበር። ስለዚህ ስሙን ተውነው። ዛሬም ስም የለንም። ስም የሌለውን ነገር ለመጥራትም ለመክሰስም ያስቸግራል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

64 ሰው ሳሎን ውስጥ አይገባም። ወረዳው የሚያስተዳድረው አዳራሽ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ማታ ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደብዳቤ መጻፍ የምችል ይመስለኛል። «ስብሰባ ለማካሄድ ፈቃድ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን» ብዬ አሳመርኩት። ይቺን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ።

መዝገብ ቤት ወሰድኩት። «ማኅተም የለውም።»

ማኅተም የለንም አልኩ። «ድርጅት ናችሁ?» አይደለንም። «ፓርቲ?» አይደለንም። «እድር?» አይደለንም። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ምንድን ናችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ነዋሪ ነን አልኩ። ነዋሪ የሚል ፋይል የለም መሰለኝ፣ ወደ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ላከችኝ። እዚያ ያለው ሰውዬ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አንብቦ «እህቴ፣ ከጀርባችሁ ማነው ያለው?» አለኝ። ማንም የለም ስለው ይበልጥ ጠረጠረ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ነይ። ነገ ሄድኩ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን አገኘኋቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ። ከክፍለ ከተማ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። ክፍለ ከተማ ደግሞ ከምርጫ ቦርድ አምጪ አለኝ። ወደዚያ ስሄድ የመራጮች ትምህርት ለመስጠት የሚፈልግ ድርጅት ከቦርዱ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት ተነገረኝ። እውነት ነው፣ ሕጉ እንዲያ ነው። እኛ ግን ማንንም አናስተምርም፤ የምናስተምረው ነገርም የለንም። ልናወራ ነው አልኩ። ለማውራት የሚሰጥ ደብዳቤ የለም ተባልኩ፤ ወደ ወረዳ ተመለሺ።

አስራ ዘጠኝ ቀን። ከዓመት ፈቃዴ አራቱ አለቀ። የታክሲውን አልቆጥርም።

በመጨረሻ በስልክ «እሺ፣ እሑድ ተጠቀሙ» ተባልኩ። በጽሑፍ ስጡኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም! ደስ ብሎኝ አመስግኜ ዘጋሁት። ቅዳሜ ማታ ጥበቃው ደወለ፤ አዳራሹ ለሌላ ስብሰባ ተይዟል። የሁሉም ሰው ስልክ አልነበረኝም። እሑድ ጠዋት 41 ሰው የተቆለፈ በር ፊት ቆሟል። ዝናብ ጀመረ። አንዷ ሕፃን አዝላ ነበር የመጣችው፤ ከአምስተኛ ፎቅ። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ስንጠራ የመጣው 9 ሰው ነው።

ያን ቀን ማታ ጋሼ ቤቴ መጥተው «የጻፍሽውን አሳይኝ» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። በእስክሪብቶ አንዲት ቃል ከበቡ። ፈቃድ።

«ይህን ማን ጠይቂ አለሽ?»

በማግስቱ ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የወጣውን አዋጅ ኮፒ አምጥተው ሰጡኝ። ቁጥር 3/1983። የወጣው በሽግግሩ መጀመሪያ፣ ከሕገ መንግሥቱም በፊት ነው። የሚለው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው። መሥሪያ ቤቱ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይቀየር ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። አሳውቁ ነው እንጂ አስፈቅዱ አይልም። ፈቃድ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ የለመንኩትን የመከልከል ሥልጣንም በገዛ እጄ ሰጠኋቸው። ባለሥልጣኖቹ ላይ አሁንም ተናድጃለሁ፤ በራሴ የተናደድኩትን ያህል ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ደብዳቤ አራት መስመር ነበር። «እናሳውቃለን» ይላል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሦስታችን ስምና ፊርማ። በሁለት ቅጂ ወሰድኩት፤ ልጅቷ አልቀበልም ስትል መስኮቱ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የእኔ ቅጂ ላይ «ደርሶናል» ብላ ፈረመች። መልስ አልመጣም። አለመምጣቱ ነው የተፈለገው።

አዳራሹን ግን አላገኘንም፤ አዳራሽ መስጠት ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን ማንም አያስገድዳቸውም። የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተከራየን። የእድሩ ሰብሳቢ አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ «የእድሩ ስም እንዳይነሳ።» አልተነሳም።

እንደኛ ለመጀመር ለምታስቡ የምለው አለኝ። ሰዎች «በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት ተመዝገቡ፣ ሕጋዊ ሁኑ» ይሏችኋል። በ2011 ከወጣው አዋጅ 1113 በኋላ መመዝገብ ቀሏል፣ ሐሰት አልናገርም። እኔ ግን አትቸኩሉ ባይ ነኝ። ያ አዋጅ እድርና እቁብን አይመለከትም፤ ሠላሳ ጎረቤት በወር አንዴ ቡና ሊጠጣ ኦዲተር አያስፈልገውም። ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመራችሁ ያኔ ሌላ ነው። እኛ ከዳቦና ከቡና በላይ ሰብስበን አናውቅም።

ሌላው መሸኛ ነው። እንደኛ ሰፈር ያለ ነዋሪ ግማሹ መታወቂያው የድሮ ቀበሌው ነው። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል፤ መኖራችሁን በቀላሉ የሚያሳየው ደግሞ አሁን የምትኖሩበት መታወቂያ ነው። መሸኛችሁን ዛሬ አውጡ። ተከራዮች ደግሞ አከራያችሁን ከአሁኑ አግባቡ። ካሰባሰብናቸው ሰዎች አስራ አንዱ መመዝገብ እንደማይችሉ ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ የእኔ ጥፋት ነው፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብኝ እሱን ነበር።

ዕጩ መጥራትንም አታስቀድሙ። መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ጻፉ። የእኛ ሦስት ነበሩ፤ ውሃ፣ መንገድ፣ የተከራይ መታወቂያ። ከጠራችሁ ሁሉንም ጥሩ፣ የቀረው ይቅር። አንድ አደራጅ ነኝ ያለ ወጣት ድንኳኑ ድረስ መጥቶ «ስንት ድምፅ አላችሁ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ማን ለማን እንደሚሰጥ አላውቅም አልኩት፤ አላመነኝም። እውነቴን ነበር። ከጋሼ ጋር እንኳ አንድ ዓይነት የመረጥን አይመስለኝም።

አሁን ከሠላሳ በላይ ነን። ያቺ ሕፃን አዝላ የመጣችው ጎረቤቴ ግን አልተመለሰችም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ልጇን ታሳየኛለች፤ አድጓል። ስለ ስብሰባው ስጀምርላት «ውሃ መጣ መሰለኝ» ብላ ወደ ላይ ትሮጣለች።