ሁለቴ ያለፍኩት መንደር

እንግሊዝ አገር ኖሪች ከተማ ታክሲ መንዳት በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከቢሮ በሬዲዮ ጠሩኝ። «ሄይዝብራ ሂድ፤ አንዲት አሮጊት የሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው።» ስሙን እንደሰማሁት ጂፒኤሱ ላይ ጻፍኩት። የለም። አዲስ ስለሆንኩ ደግሜ መጠየቅ አፈርኩ። መንደሩ ባሕሩ ዳርቻ መሆኑን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

«ሃፒስበርግ» የሚል ታፔላ ሁለት ጊዜ አለፍኩ። በ1790 እ.ኤ.አ. የተሠራውን፣ ቀይና ነጭ የተቀባውን የመርከብ መብራት ማማም አየሁት። ቢጨንቀኝ ውሻ የሚያናፍስ ሰውዬ ጠየቅኩ። በጣቱ ታፔላውን አሳየኝ። ለካ ሃፒስበርግ ተብሎ የሚጻፈው ነው ሄይዝብራ የሚባለው!

40 ደቂቃ ዘግይቼ ስደርስ አሮጊቷ ቦርሳቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ቀጠሯቸው አልፏል። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። ደግነቱ ሆስፒታሉ ከሰዓት በኋላ እንቀበላቸዋለን አለ።

መንገድ ላይ አልተቆጡኝም። «ሃፕ የሚባል ሰው ነበር፤ በርግ ደግሞ ምሽግ ነው። የሃፕ ምሽግ ማለት ነው ልጄ» አሉኝ። በ1086 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንጉሥ ባስጻፉት የግብር መዝገብ ውስጥም መንደሩ አለ። ዋይሞንድሃም ተብሎ የሚጻፈውን ከተማ ዊንደም እንደሚሉትም ነገሩኝ፤ የዊግመንድ መኖሪያ ማለት ነው፣ «ሃም» መኖሪያ ነውና። ኦርምስቢ፣ ሄምስቢ፣ ፊልቢ ግን የእንግሊዞች ቃል አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ተሻግረው የመጡት ዴኖች፣ ማለትም የዴንማርክ ሰዎች፣ መንደርን «ቢ» ይሉ ነበር። ኦርምስቢ የኦርም መንደር ነው። በየቀኑ የምነዳባቸው ታፔላዎች ሁሉ የሰው ስም ተሸክመው መቆማቸው በጣም ነካኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሬዲዮው ሲጠራኝ ፊደሉን አንድ በአንድ አስነግራለሁ። የአድራሻውን መለያ ፖስትኮዱንም ሳልቀበል ሞተር አላስነሳም።

ሆስፒታሉ ጋ ልንደርስ ስንል «ያንተስ አገር?» አሉኝ። ደብረ ብርሃን አልኳቸው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቷቸው የሰየሟት ከተማ መሆኗን ነገርኳቸው። የእኛ ፊደል ግን እንደተጻፈ ይነበባል ብዬ ኮራሁ።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ዘንድሮ ደብረብራን ብርዱ ለጉድ ነው» አለችኝ። «ሃ»ዋን ጭራሽ አልሰማኋትም።